ሰፈራችሁ ካፌ ውስጥ የፎቶ ኤግዚቢሽን እንዴት እንደሚዘጋጅ (ፎቶ መሸጡንም ጨምሮ)

ጋለሪ ለመክፈት የግድ ቤት መከራየት የለባችሁም። እኔ የግድ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ቤት ሳፈላልግ ኖሬያለሁ፣ ኪራዩን እየሰማሁ መመለስ ነበር ስራዬ። በኋላ አንድ ቀን ገርጂ ሁሌ ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ ዋይፋይ ሲጠፋ ቀና ብዬ ሳይ ለካ ግድግዳው በሙሉ ባዶ ነው። እስካሁን እዛ ካፌ ውስጥ አራት ጊዜ አሳይተናል። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሰለ ትልቅ ነገር አይደለም፣ እሱን በፈረንጆቹ 2010 ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ስትጀምረው ከውጭ ሀገር ድረስ ፎቶ አንሺ ይመጣ ነበር። የኛዎቹ አብዛኞቹ ስራቸውን ከስልክ ስክሪን ውጪ አይተውት የማያውቁ ልጆች ናቸው፣ ገዢዎቹም ግድግዳቸው ላይ ከሰርግ ፎቶና ከካላንደር ሌላ ሰቅለው የማያውቁ የሰፈር ሰዎች።

1. ግድግዳ ማግኘት

የካፌውን ባለቤት "ጋሼ ግድግዳውን ለሦስት ሳምንት ያውሱኝ" ስላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ሚስማር ልትመታበት ነው?" አልመታም አልኩ። ከላይ የመጋረጃ ዘንግ አስገጠምን፣ ከዛ ፎቶዎቹን በዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠለጠልን። ክሩ አይታይም፣ ርካሽ ነው፣ ከፍታውንም እንደፈለጋችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ቡና ማሽኑ አጠገብና ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግን ምንም አትስቀሉ፣ እንፋሎቱ ወረቀት ያጣምማል ፀሐዩ ደግሞ ቀለም ይበላል።

2. ልጆቹንና ፎቶዎቹን መምረጥ

ከስድስት ሰው ባትበልጡ ጥሩ ነው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ፎቶ። ካሜራህ ምንድነው ብላችሁ አትጠይቁ። 12 ሜጋፒክስል የሆነ ስልክ 4000 በ3000 ፒክስል ያነሳል፣ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም የሚያስፈልገው 3508 በ2480 ነው፣ ስለዚህ ተርፎ ይበቃል። ችግሩ ስልኩ ሳይሆን ቴሌግራም ነው። ልጆቹ እንደ ፎቶ ይልኩላችኋል እሱም ይጨምቀዋል፣ ስልክ ላይ ቆንጆ የነበረው ሲታተም እንደ ጨርቅ ይሆናል። "እንደ ፋይል ላኩ" በሏቸው፣ ሦስቴ በሏቸው፣ በአራተኛው አንዱ ስክሪንሾት ይልካል።

የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ከሆነ ፈቃድ መያዝ አለበት። ይሉኝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኛ አጠር ያለች ወረቀት አለችን፣ ባለፎቶው ይፈርምባታል፣ መፃፍ የማይችል ከሆነ ቤተሰቡ ባለበት ተነቦለት በአውራ ጣቱ።

3. ማሳተም (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

የመጀመሪያው ኤግዚቢሽናችን እዚህ ጋ ነው የተበላሸው፣ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ሁሉንም ፎቶ ማታ ማታ ላፕቶፔ ላይ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ለቅቄ አስተካከልኩና ናሙና ሳላሳትም አስራ አራቱንም በአንዴ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር አሳተምኩ፣ ከልጆቹ በተዋጣ ብር። አንዷ ልጅ አያቷን እንጀራ ስትጋግር ያነሳቻት ፎቶ ነበረች፣ ጭስ የሞላበት ኩሽና ውስጥ ብርሃን በቆርቆሮው ሽንቁር ገብቶ የአሮጊቷን ግማሽ ፊት ይነካል፣ የቀረው ጥላ ነው፣ ጥላው ውስጥ ግን ምጣዱም እጇም ይታያል። ጥቅሉን ስንፈታው ምጣድ የለ፣ እጅ የለ፣ ጥቁር ወረቀት ላይ ትንሽ ጭስ። ልጅቷ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ ወደ ብርሃን አዘነበለችውና "እማማ የት ሄደች?" አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። የስክሪኑን ብርሃን ለቃችሁ ስታስተካክሉ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚታያችሁ "በቂ ብርሃን አለው" ትላላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ይሄ ሁሉ ይሰምጣል። መፍትሄው ብር አይጠይቅም፦ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ባዶ የወርድ ገፅ ክፈቱ፣ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙና ሁለቱ ነጮች እኩል እስኪመስሉ ድረስ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ከዛ በኋላ ነው ፎቶ የሚነካው። ያኔ ፎቷችሁ ስንት ቦታ እንደጨለመ ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

ይሄም ሆኖ ናሙና ሳታዩ አታሳትሙ። ጨለም ያለውን ፎቶ በ10 በ15 ሦስት አድርጋችሁ አሳትሙ፣ አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በግማሽ ስቶፕ አብርታችሁ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፣ አንዱን በአንድ ሙሉ ስቶፕ፣ ጀርባቸው ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ፃፉበት (እኔ አልፃፍኩም፣ ድጋሚ ከፈልኩ)። የምትመርጡትም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ካፌው ግድግዳ ላይ ይዛችሁ በካፌው አምፖል ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ ቤቱ ነጭ መብራት አለው ካፌው ደግሞ ቢጫ። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) ከታተመ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ቀለሙ ሲደርቅ ትንሽ ይቀየራል።

ሌላው ጣጣ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰርግ ነው የለመደው፣ ሙሽራ ቀላ ብላ ካልወጣች ይሰደባል፣ ስለዚህ የሰው ፊት ሲያይ እጁ ሳያስበው ያነጣል። ፋይሉን ስትሰጡት "ወንድሜ ከለሩን አትንካብኝ፣ ማሽኑም ላይ አውቶ ኮሬክሽኑን አጥፋልኝ" በሉትና መጀመሪያው ወረቀት እስኪወጣ እዛው ቁሙ። ፋይሉ የሚቀመጥበት የከለር ዓይነት ኤስአርጂቢ ይሁን፣ አዶቤ አርጂቢ የሚባለው ከሆነ ብዙ ፎቶ ቤት ደብዝዞ ነው የሚወጣው።

4. ወረቀትና ፍሬም

ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ውሰዱ። ግላሲው (የሚያብለጨልጨው) ካፌ ውስጥ መብራቱን እየመለሰ መስታወት ይሆናል፣ ሰው ፎቶውን ትቶ ራሱን ነው የሚያየው። ፍሬም ሰሪው መስታወቱን ፎቶው ላይ እንዳያጣብቀው፣ መሀል ላይ የካርቶን ክፈፍ ይግባ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባ ፎቶው መስታወቱ ላይ ይለጠፍና አላቅቃለሁ ስትሉ ቀለሙ ይነሳል። በነገራችን ላይ 40 በ60 ትቻለሁ። 20 በ30 ነው የሚሸጠው፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ላይ ከቲቪው ጎን የምትገባዋ እሷ ናት።

5. ቁጥርና ዋጋ

እያንዳንዱ ፎቶ ስንት ኮፒ ብቻ እንደሚታተም መጀመሪያ ወስኑ፣ እኛ 15 ነው። ከጀርባው በእርሳስ 1/15፣ 2/15 እያላችሁ ቁጥሩን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ የፎቶ አንሺውን ፊርማ ፃፉ። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ወደ ፊት ዘልቆ ይታያል። የትኛው ቁጥር ለማን እንደተሸጠም ደብተር ላይ ይመዝገብ። አስራ አምስቱ ካለቀ አለቀ። አንዴ የአክስቴ ልጅ ለምናኝ አስራ ስድስተኛ አሳትሜላት፣ 9ኛውን የገዛው ሰውዬ ቤቷ ቡና ተጠርቶ ሄዶ አየውና መጥቶ ብሩን መልስ አለኝ፣ መለስኩ፣ ምን ልበል። ገዢውም ቢሆን የገዛው ወረቀቱን ነው እንጂ የማባዛት መብቱን አይደለም፣ በቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) እሱ የፎቶ አንሺው ነው፣ ይሄን ሲሸጥ መናገር ነው።

ዋጋ ላይ የኛ ስሌት ቀላል ነው፣ መጀመሪያ የህትመትና የፍሬም ወጪ ይነሳል፣ ከቀረው 70 በመቶ ለልጁ፣ 30 ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ካዝና። ለምሳሌ ወጪው 1,200 ሆኖ በ2,200 ከተሸጠ ልጁ 700 ያገኛል። ካፌው ምንም አይወስድም፣ የቡናው ሽያጭ ይበቃዋል። ፍሬም የሌላቸውን ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ሳጥን ውስጥ ደርድሩ፣ ተማሪ የሚገዛው ከዛ ነው።

ባንዴ መክፈል ለሚከብደው ያገኘነው ዘዴ ዕቁብ ነው። አስር ሰው በየወሩ እኩል ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ከግድግዳው ወይ ከሳጥኑ የፈለገውን ያነሳል። ዳኛችን የፋርማሲዋ ልጅ ናት፣ በቴሌብር ትሰበስባለች፣ ማርፈድ የለም። አሁን ቤታቸው አራት አምስት ፎቶ ያላቸው ሰዎች አሉ፣ የፎቶ ሰብሳቢ ናችሁ ብትሏቸው ይስቃሉ።

6. መስቀልና መክፈት

ጋለሪ ውስጥ የፎቶው መሀል ከወለል 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደረጋል፣ ካፌ ግን ሰው ተቀምጦ ስለሚያይ እኔ ወደ 135 አወርደዋለሁ። ውሃ ልክ ተጠቀሙ፣ የስልኩን አፕ አላምነውም። የመክፈቻው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ፎቷቸው ስር ይቁሙ፣ የተሸጠው ላይ ቀይ ተለጣፊ ይደረግ፣ ገዢው ግን እስከ መዝጊያው አይወስድም፣ ቢለምናችሁም።

ማውረድ ሰኞ በጠዋት ነው፣ ካፌው ሳይሞላ። የመጋረጃውን ዘንግ እኛ ትተነዋል፣ በሁለት ኤግዚቢሽን መሀል ጋሼ የቁርስ ሜኑ ይሰቅሉበታል።