የድመት ፎረፎር፦ ሻምፑውን አስቀምጡና መጀመሪያ እዩ

ጥቁር ድመት ያለው ሰው ፎረፎርን ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም። የኔዋ ጭኔ ላይ ተኝታ ስትነሳ ሹራቤ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ ልጠባት የሚል ነው። አጠብኳት። ክንዴን ቧጨረችኝ፣ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ ፎረፎሩም በሳምንቱ ብሶበት መጣ። ያጠብኳት በራሴ ሻምፑ ነበር፤ የሰው ሻምፑ ደግሞ ለድመት ቆዳ ኃይለኛ ነው፣ የቀራትን ትንሽ ወዝ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው።

ስለዚህ ከማጠባችሁ በፊት እዩ። ዋናው ጥያቄ ፎረፎሩ የት ነው የሚለው ነው። ቀን በብርሃን ቁጭ በሉና ፀጉሯን ከጭራዋ ወደ አንገቷ እየገለበጣችሁ ሥሩን ተመልከቱ።

ነጩ ነገር ከወገቧ በታች፣ ጭራዋ ሥር ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምላሷ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። ድመት ራሷን ስትልስ ሞቶ የተላጠውን ቆዳ ታነሳለች፣ ወዙንም ለፀጉሯ ታዳርሳለች። ወፍራም ድመት ግን መዞር አትችልም። እኛ ደግሞ ድመት ስትወፍር ደስ ይለናል፣ «እንዴት አምሮባታል» እንላለን! ያረጀች ድመትም መገጣጠሚያዋን ሲያማት መላሱን ትተዋለች፤ ድሮ በአንድ ዝላይ የምትወጣውን ሶፋ አሁን በጥፍሯ እየቧጠጠች የምትወጣው ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። እንዲህ ዓይነቷን በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ በለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አበጥሯት። ምግቧንም ቀንሱ፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ። ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች።

የኔዋ ግን መላ ሰውነቷ ላይ ነበር። ፀጉሯም ደርቆ ገለባ መስሏል። ወሩን ስቆጥር ነገሩ ገባኝ፤ ሁዳዴ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሲጾም እሷም ሳትወድ ጾማለች፣ 55 ቀን እንጀራ በሽሮ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ለወቀሳ ነው፣ እኔ ግን ድመቷ እውነቷን ነው እላለሁ። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራው ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው፣ ለቆዳዋ የሚሆነውንም ስብ ከሽሮ አታገኘውም። ሽሮው እንዲያውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ ቢበስልም ያው ነው።

ሥጋ ቤት «ለድመት» ስትሉ የሚሰጧችሁ ሳንባ ከምንም ይሻላል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አቅም ካለ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ መሠረት ይሁን። ካልሆነ የተቀቀለ ዶሮ፣ ልብ፣ አልፎ አልፎ የበሰለ እንቁላል እያፈራረቃችሁ ስጡ። ልብ ታውሪን በደንብ አለው። ጉበት ግን ትንሽ ትንሽ፣ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳታል። የዓሣ ዘይት ደግሞ ለደረቅ ቆዳ ይረዳል፤ ክኒኑን በመርፌ ወግታችሁ ጥቂት ጠብታ ምግቧ ላይ አንጠባጥቡ። ልኩን እንደ ክብደቷ የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ፣ ከበዛ ያስቀምጣታል።

ውሃ መጠጣትም ላይ ድመት ሰነፍ ናት። ደረቁ የድመት ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ የታሸገው እርጥቡ ግን ከ75 በመቶ በላይ። ደረቁን የምትሰጡ ከሆነ ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበት የዶሮ መረቅ ጠብ አድርጉበት። የውሃዋን ሳህን ከምግቧም ከምትጸዳዳበት አሸዋም አርቁት። አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ የኛንም ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ዊንተር ላይ ሂተሩ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መኝታዋን ከሂተሩ አጠገብ አንሱት፣ ብትቆጣም።

አሁን ደስ ወደማይለው። የቅማል ማበጠሪያ አምጡና ጥቁር ወረቀት ላይ አበጥሯት። የወደቀውን በአጉሊ መነጽር ወይም በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እዩት። ፎረፎሩ ከተንቀሳቀሰ ፎረፎር አይደለም፣ ኬይሌቲዬላ የምትባል ደቃቅ ተባይ ናት፤ ፈረንጆቹ የሚራመድ ፎረፎር ይሏታል። ድመቷን የምታቅፉበት ክንድና ሆዳችሁ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ከወጣ ጥርጣሬው ይበረታል። ጥቁር ፍርፋሪ ካገኛችሁ ደግሞ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀለሙ ከራሷ ከድመቷ ደም የመጣ። ፀጉሯ ክብ ክብ ሆኖ ከተመለጠና ዙሪያው ከተቀረፈ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ይህኛው ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ እስኪታይ ድረስ አያቅፏት።

ጎረቤቴ ለጋ ቅቤ ቀቢያት አለችኝ። ለሰው ራስ ያለውን ጥቅም አልክድም፣ ድመት ግን የተቀባችውን ሁሉ ትልሰዋለች፤ ቅቤው ተቅማጥ ነው የሚሆነው። ቫዝሊንም እንደዚያው። ከሁሉም የከፋው ለቁንጫ ብሎ ላምባ መቀባት ወይም ቤት የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ላይዋ ላይ መንፋት ነው። የውሻ ቁንጫ መድኃኒትንም ተዉት። ብዙዎቹ ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ አለ፣ ውሻው ምንም ሳይሆን ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ቲ ትሪ የሚባለው ከዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይትም ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ አይቀባም፣ ለድመት መርዝ ነው።

ተባይ ከተገኘ መድኃኒቱን ከሐኪም ውሰዱ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ድመቶችና ውሾችም አብረው ይታከሙ፣ መኝታዋን በሙቅ ውሃ እጠቡ። አንዷን አክሞ ሌላውን መተው ገንዘብ መጣል ነው። ቁስል፣ ሽታ ወይም የማያቋርጥ ማከክ ካለም ቤት ውስጥ አትሞክሩ። እየበላች የምትከሳ ወይም ድንገት ውሃ ማብዛት የጀመረች ድመት ደግሞ የታይሮይድ ወይም የስኳር ምርመራ ያስፈልጋታል፣ ፎረፎሩ የዚያ ጭራ ነው።

ምግቡን ካስተካከላችሁ በኋላ ለውጡን በሳምንት አትጠብቁ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስጡት። እኔ በየእሑዱ ያንኑ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ጭኔ ላይ አስተኛት ነበር። በሰባተኛው እሑድ ሁለት ነጭ ነጥብ ብቻ አገኘሁ፣ አንዷ የራሴ ሳትሆን አትቀርም።