የምስል ሴንሰር ሌይአውት፦ ከአንድ ፒክሰል እስከ ሙሉ ቺፕ

በሌሎች ቺፖች የሌይአውት (የሰርኪዩቱ ክፍሎችና ሽቦዎች በቺፑ ላይ የሚቀመጡበት ንድፍ) ስሕተት የሚገኘው በመለኪያ መሣሪያ ነው፤ በምስል ሴንሰር ላይ ግን ፎቶውን ያየ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ሥራውን ከፒክሰሉ ይጀምሩ፤ አንድ ጊዜ የተሣለው ፒክሰል ሚሊዮን ጊዜ የሚደገም በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ የሚያጠፉት ሳምንት አይቆጭም።

በተለመደው ፒክሰል ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚለውጥ አንድ ፎቶዳዮድና አራት ትራንዚስተሮች አሉ፤ አንዱ ቻርጁን ያሻግራል፣ አንዱ የቀድሞውን ያጸዳል፣ አንዱ ቮልቴጁን ያነብባል፣ አንዱ ረድፉን ይመርጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቁለት ቻርጁ ተሻግሮ የሚያርፍበት ነጥብ፣ ማለትም ፍሎቲንግ ዲፊውዥኑ ነው። የዚህ ነጥብ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) 1 ፌምቶፋራድ ሲሆን አንድ ኤሌክትሮን 160 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል፤ ካፓሲታንሱ 2 ሲደርስ ወደ 80 ይወርዳል። ከነጥቡ ወደ አንባቢው ትራንዚስተር ጌት (መቆጣጠሪያ ጫፍ) የሚሄደውን ሜታል አጭርና ቀጭን ያድርጉት፤ ከአጎራባች ሽቦዎችም ያርቁት።

አራት ፒክሰሎች አንድ አንባቢ ሲጋሩ ቦታ ይቆጠባል፣ ሲሜትሪ ግን ይፈተናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች በፒክሰሎቹ ላይ በሚፈራረቁበት የባየር አደራደር ከቀይ ጋር በአንድ ረድፍ ያለው አረንጓዴና ከሰማያዊ ጋር ያለው አረንጓዴ እኩል ብርሃን ሲያገኙ እኩል ካላነበቡ፣ ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ ሲነሣ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ጥለት ይወጣል። በእኔ ሥራ ይህ የደረሰው በአንደኛው ፒክሰል ብቻ አንዲት ኮንታክት (ሲሊከኑን ከሜታል ሽቦው የምታገናኝ ነጥብ) ወደ ጎን በመገፋቷ ነበር። ዲአርሲውም (የንድፍ ሕግ ፍተሻው) ኤልቪኤሱም (ሌይአውቱን ከሰርኪዩቱ ሥዕል ጋር የሚያነጻጽረው ፍተሻ) ንጹሕ ነበሩ፤ አንዱ የርቀት ሕግን፣ ሌላው ግንኙነትን እንጂ ሲሜትሪን አይጠይቁም።

የዓምዱን አንባቢ ሰርኪዩት በፒክሰሉ ስፋት ልክ፣ ቢበዛ በሁለት ፒክሰል ስፋት፣ ጠባብና ረጅም አድርገው ይሣሉት። ዓይን ቀጥ ያለ መስመርን ቶሎ ስለሚለይ፣ በዓምዶች መካከል ያለ ጥቂት ልዩነት በምስሉ ላይ ሽንትር ሆኖ ይታያል። የግራውንድ ሽቦውን ከሁለቱም ጎን ያገናኙ፤ አለበለዚያ በሽቦው ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ያዛባዋል። የዳርቻው ፒክሰል እንደ መካከለኛው ያለ ጎረቤት እንዲኖረው ከዳርቻው ውጪ የማይነበቡ ፒክሰሎችን ይጨምሩ፤ ለጥቁር መነሻ (ብርሃን በሌለበት ለሚነበበው ዋጋ) የሚያገለግሉትን ፒክሰሎች ደግሞ በሜታል ይሸፍኗቸው።

ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ከሆነ ንድፉን በብርሃን ሲሊከኑ ላይ የሚያትመው የሊቶግራፊ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከሚያትመው 26 በ33 ሚሊሜትር ስለሚያልፍ በክፍል በክፍል ይታተማል፤ ስለዚህ ክፍሎቹ የሚገጣጠሙበትን መስመር ገና ፒክሰሉ ሳይሣል ከፋብሪካው ጋር ይወስኑ።

ፓራሲቲኮቹ (ሽቦዎቹ ሳይፈለጉ የሚፈጥሯቸው ካፓሲታንሶችና ሬዚስታንሶች) ከሌይአውቱ ተሰልተው ሲወጡ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይመልከቱ፤ አንባቢውን የሚጋሩትን አራቱን ፒክሰሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ከእያንዳንዱ ሽቦ ጋር ያላቸውን ካፓሲታንስ አንድ በአንድ ያነጻጽሩ።