ተነስቶ የሚጠፋ የሣር ማጨጃ፦ ችግሩና መፍትሄው

ክረምት ሲገባ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሆቴሎች፣ ኤምባሲዎችና መሥሪያ ቤቶች ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ ከመጋዘን ያወጣሉ። ሰርዶው ጉልበት ድረስ ሲደርስ ደግሞ ያው ቅሬታ ይመጣል፦ «ይነሳል፣ ግን አይቆይም።» መካኒክ ይጠራል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይፈታል፣ ማሽኑም እንደነበረው ይቀራል።

ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት አጠፋፉን አስተውሉ። መብራት እንደሚጠፋው ድንገት ቀጥ ካለ ችግሩን ከኤሌክትሪክ በኩል ፈልጉ። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተንተፋተፈ፣ ቀስ ብሎ ከቆመ ደግሞ ጉዳዩ የቤንዚን ወይም የአየር ነው። ስለዚህ አትክልተኛውን «እንዴት ጠፋብህ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚውለው እሱ ነው፣ የማንም ግምት የእሱን ያህል አይሆንም።

ቢላው እንዲዞር ሲደረግ ወይም ነጂው ከመቀመጫው ከፍ ሲል ድንገት ይጠፋል

ከመቀመጫው ሥር ሰው መቀመጡን የሚያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ቢላው እየዞረ ነጂው ከተነሳ ሞተሩን ያጠፋል፤ እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። ነጂው በደንብ ተቀምጦ ሳለ፣ በተለይ ጎርበጥ ያለ ቦታ ላይ ከጠፋ ግን መቀመጫውን ገልብጣችሁ ሶኬቱን እዩ። ዝገት ካለ አጽዱት፣ ከላላ አጥብቁት። ማሽኑ በጋውን ሙሉ መጋዘን ከከረመ ሽቦውን አይጥ በልቶት ሊሆን ስለሚችል እስከ መጨረሻው ተከታተሉት።

አንዳንዱ «ገላገልኩህ» ብሎ ማብሪያ ማጥፊያውን አልፎ ሽቦዎቹን በቀጥታ ያገናኛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ሲደረግም ዝም ብላችሁ አትዩ። ነጂው ተዳፋት ላይ ቢወድቅ ቢላው መዞሩን አያቆምም።

ጥቂት ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ካረፈ በኋላ ይነሳል

ከሁሉም የሚያደክመው ይህ ነው፣ መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ክዳን ነው። ቤንዚን ወደ ሞተሩ በወረደ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር በክዳኑ ላይ ባለች ቀጭን ቀዳዳ ይገባል። ቀዳዳዋ በአቧራና በደቀቀ ሣር ከተደፈነች ቤንዚኑ ሰልባትዮው ውስጥ ሞልቶ ሳለ መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ሲያርፍ አየር ቀስ በቀስ ሰርጎ ይገባና ማሽኑ እንደገና ይነሳል። ዋናው ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታልና በላስቲክ የታሰረ ማሽንም አለ፤ እሱ ላይ አየር የሚገባበት ጭራሽ የለም።

ፈተናው ቀላል ነው። ልክ እንደጠፋ ክዳኑን ክፈቱ። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኘ። ክዳኑን በቤንዚንና በብሩሽ አጥባችሁ ቀዳዳውን በአየር ንፉት፤ ካልሆነ አዲስ ግዙ።

ክዳኑ ካልሆነ የቤንዚን ፊልትሮውንና ቱቦውን እዩ። ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ነው። ቦቢና ሲግል ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፤ አጠፋፉም ድንገተኛ ነው። ሞተሩ ትኩስ እያለ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትታችሁ ገመዱ ላይ እንዳለ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩትና ቁልፉን አዙሩ። አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ትኩስ ሲሆን እሳት ከሌለ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከመጣ ቦቢናው ይቀየር። ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ሽፋን አንስታችሁ ማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል የታጨቀውን ደረቅ ሣር ጥረጉ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ታፍኖ ሊሆን ይችላል።

ቾክ ሲሳብ ብቻ ይሠራል

ቾክ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን ስለሚያበዛ፣ ያለ እሱ ካልሠራ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የቆመ ማሽን ከሆነ የአምናውን ቤንዚን ጠርጥሩ። ቤንዚን ከ30 ቀን በላይ ሲቆይ መበላሸት ይጀምራል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥም እንደ ሙጫ ይረጋል። እዚህ ላይ ነው ካርቡሬተሩን መፍታት ተገቢ የሚሆነው። ከሥር ያለውን ብሎን ስትፈቱ የምትወርደው ትንሽ ሳህን ውስጥ ቡናማ ዝቃጭና የውኃ ጠብታ ታገኙ ይሆናል። ቤንዚን የምታሳልፈውን የናስ ቀዳዳ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይና ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር አጽዱ። የብረት መርፌ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ አትጠቀሙ።

ሳህኑ ሥር ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሽቦ ያለው ክፍል ካለ ቁልፉ ሲከፈት ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ወይም ድምፁ ከደከመ የባትሪውን ተርሚናል አጥብቁ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልተገኘ ቻርጅ እያደረገ አይደለም።

ጥቁር ጭስ፣ የረጠበ ጥቁር ካንዴላ፣ ሥራ ሲበዛበት መታፈን

ይህ ለአዲስ አበባ የተለየ ነገር አለው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። መጀመሪያ ግን የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። የበጋ አቧራ ጠጥቶ ከጠቆረ ቀይሩት፤ የወረቀቱን ዓይነት በውኃ አትጠቡ። ቾኩ እስከ መጨረሻው መመለሱንም አረጋግጡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ለከፍታ ቦታ የተዘጋጀውን ጠባብ የቤንዚን ቀዳዳ ጠይቁ። አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ሞተሮች ይህን ያስተካክላሉ። ማሽኑ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ከወረደ የድሮው መመለስ አለበት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል።

ከተስተካከለም በኋላ ጉልበቱ ሙሉ አይሆንም። የሆንዳ መመሪያ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል፤ እኛ ዘንድ ከሩብ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በነሐሴ እርጥብ ሣር ላይ ማሽኑ ቢታፈን ብልሽት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ቢላውን ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ዙር እጨዱ። የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ከሥር የተጋገረውን ሣር ፋቁ፣ ቢላውንም አስሉ።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ የምትወርዱ ከሆነ በሞተሩ ሽፋን ላይ የተመታውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱና አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የማጨጃውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ማጨጃ ላይ የተለያየ ሞተር ይገጠማል፣ ካርቡሬተሩም እንደ ሞተሩ ይለያያል።