መሀሉ የማይሰረጉድ የፖም ኬክ፣ ለደጋ ሰዎች

ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ የደብረ ብርሃን ሌሊትም ወደ ውርጭ ማዘንበል ሲጀምር፣ ቀረፋና ኮረሪማ የገባበት የፖም ኬክ ቤቱንም ሰዉንም ያሞቃል። ችግሩ አብዛኛው የኬክ አሠራር የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሌላ አገር መጠን እንዳለ ተወስዶ የተጋገረ ኬክ በሃያኛው ደቂቃ አምሮ ይነፋል፤ ከዚያ መሀሉ ይሰረጉዳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከሥሩ ጥሬ ሊጥ የመሰለ ርጥብ ንጣፍ ይገኝበታል። ዱቄቱን የሚወቅሱ፣ እጄ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥፋቱ የከፍታው ነው፤ መጠኑን አስተካክሎ መሥራት ይቻላል።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ በስለው ሳይጠነክሩ ኬኩ ይነፋና ደጋፊ አጥቶ ይወርዳል። ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 እና በ91 ዲግሪ መካከል ነውና ከሊጡ ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲሄድ የቀረው ስኳር ይበረታል፤ የበረታ ስኳር ደግሞ ሊጡ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ፣ ስኳሩን በአንድ አምስተኛ እንቀንሳለን፤ ዱቄቱንና ፈሳሹን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን፤ ሙቀቱን ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ እንጨምራለን። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ሌላውን መተው አይበጅም። ቤኪንግ ፓውደሩ ብቻ ቀንሶ ስኳሩ እንዳለ ከቀረ ኬኩ አይወርድም ይሆናል፣ ግን ድፍን ያለና እጅ ላይ የሚጣበቅ ይሆናል።

ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 24 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ ፎርማ የሚከተለው ይበቃል፦

የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም
ስኳር 160 ግራም
ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
እንቁላል 3 ትልልቅ፣ ወይም 4 የሐበሻ
ዘይት 120 ሚሊ ሊትር
እርጎ 130 ሚሊ ሊትር
ፖም ተልጦና ፍሬው ወጥቶ 400 ግራም (3 መካከለኛ)
የተፈጨ ቀረፋ 2 የሻይ ማንኪያ
ደረቅ የተፈጨ ዝንጅብል 1 የሻይ ማንኪያ
ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ቅርንፉድ 3 ፍሬ፣ ተወቅጦ
ግማሽ ሎሚ

ሚዛን የሌለው ሰው 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የውሃ ብርጭቆ ይስፈር፤ ዱቄቱ ሁለት ብርጭቆ ከሩብ፣ ስኳሩ ሦስት ሩብ ብርጭቆ ይሆናል። ዱቄቱን በማንኪያ እየነሰነሱ ይሙሉት፤ ብርጭቆውን ከረጢቱ ውስጥ ከተው ካፈሱ ይታመቅና ከልኩ በላይ ይገባል፣ ኬኩም ይደርቃል። ማንኪያውም ቢሆን የመለኪያው ይሁን፤ የሻይ ማማሰያው ሁሉ እኩል አይደለም፤ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ይጠቀሙ። ቤኪንግ ፓውደር ላይ በዓይን መገመት ይህን ኬክ ከምንም በላይ ያበላሸዋል።

ሰሜን ሸዋ ራሷ አንድ ዓይነት አይደለችም። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ሸዋ ሮቢት ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ስኳሩን 180 ግራም፣ ዱቄቱን 285 ግራም፣ የኦቨኑን ሙቀት 180 ዲግሪ ያድርጉት። ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው የመንዝ ደጋ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደሩ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳሩ 150 ግራም ይበቃል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርጎም ይጨመርበት።

ፖሙ ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ይሁን። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ሲገምጡት አፍ ውስጥ እንደ ቆሎ ዱቄት የሚበተን ቀይ ፖም ለኬክ አይሆንም፤ ኦቨን ውስጥ ይሟሟና ሊጡን ያረጥበዋል። አረንጓዴው፣ ወይም ደጋ ላይ የሚበቅለው ትንሽና ኮምጣጣው ፖም ይሻላል፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ኮምጣጣነቱም ጣፋጩን ያመጣጥነዋል። ልጠው አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ይክተፉት። ከዚያ ካነሰ ይጠፋል፣ ከተለቀ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሎሚውንና ከተለካው ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርገውበት 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከሥሩ ውሃ ያቆራል። ያንን ውሃ አይድፉት። አጥልለው የእርጎ መለኪያው ውስጥ ያድርጉና በላዩ እርጎ ጨምረው 130 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። ፖሙ ውሃውን ቀድሞ ስለለቀቀ ኬኩ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን አያረጥብም። እርጎው ጣዕም ከመስጠት ሌላ ሥራ አለው፤ ኮምጣጣ ሊጥ ቶሎ ይረጋል፣ ከፍታ ላይ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ እርጎ አለ ብለው ሶዳ አይጨምሩ፤ ኮምጣጣነቱን ያጠፋዋል፣ ሲበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን ወደ ቅመሙ። የዚህ ኬክ ነፍስ ኮረሪማው ነው። ፍሬውን ሰንጥቀው ዘሩን ያውጡ፤ በዘሮቹ መካከል ያለውን ነጭ ሽፋን ለቅመው ይጣሉት፣ ሽታ የለውም፣ ሲወቀጥም ክር ክር ይሆናል። ዘሩን በደረቅ ምጣድ በትንሽ እሳት ያሙቁት። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሽታው ወደ ላይ ብድግ ሲል፣ ዘሩም ሲያንጸባርቅ ወዲያው ያውርዱት። ጠቆር ካለ መራራ ነውና እንደ አዲስ ይጀምሩ። ከቅርንፉዱ ጋር ሙቀጫ ውስጥ ወቅጠው በጥሩ ወንፊት ይንፉት። ቅርንፉዱ ከሦስት ፍሬ አይለፍ፤ በአራተኛው የጥርስ መድኃኒት መሽተት ይጀምራል። ቀረፋውን ከቻሉ እንጨቱን ገዝተው ይውቀጡት፤ ቆይቶ የተፈጨ ቀረፋ ቀለም እንጂ ሽታ የለውም። በርበሬ ወይም ሽሮ የተፈጨበት ማሽን ግን ለዚህ አይነካ፤ ቢታጠብም ነጭ ሽንኩርቱ አይለቅም። መከለሻም እንዲሁ፣ ውስጡ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ስላለ ለወጡ ይቆይ። የተነጠረ ቅቤ የሚያስቡ ካሉም ኮሰረቱና በሶብላው ፖሙን ይሸፍኑታል። ከዘይቱ ሩቡን በቀለጠ የገበታ ቅቤ መተካት ግን ጣዕም ይሰጣል። ሁሉንም በቅቤ ማድረግ አንመክርም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤ ሊጡ ውስጥ ይረጋል፣ ኬኩም በማግሥቱ ይደርቃል።

ሊጡን ከማዘጋጀትዎ በፊት ኦቨኑን በ190 ዲግሪ ይለኩሱ፤ 20 ደቂቃ ሙሉ ይሙቅ። ፎርማውን በደንብ ዘይት ቀብተው ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ። ጠዋት የኩሽናው ብርድ እንቁላሉን ስለሚያቀዘቅዘው ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያኑሩት።

እንቁላሉንና ስኳሩን ሦስት ደቂቃ ይምቱ። የእኛ ስኳር ፍሬው ሻካራ ነውና በጣት መካከል ሲያሹት አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ፣ ወይም አስቀድመው ይፍጩት። ነጭ አረፋ እስኪሆን ግን አይምቱት፤ እንቁላሉ ውስጥ የገባ አየርም እንደ ጋዙ ከፍታ ላይ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ዘይቱን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ፣ ቀጥሎ እርጎውን ይጨምሩ። በሌላ ሳሕን ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨውና ቅመሙን አደባልቀው ሁለት ጊዜ ይንፉ፤ ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ኬኩ ውስጥ ዋሻ ይወጣል። ደረቁን በሁለት ጊዜ ከፈሳሹ ጋር በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ ያዋሕዱት። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም እጅዎን ይሰብስቡ። እንደ ዳቦ ሊጥ ከለፉት ይጠነክራል፣ ሲበላ እንደ ላስቲክ ይሳባል። ፖሙን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሰውበት በመጨረሻ ያስገቡ። ሊጡ ወፍራም ነው፤ ከማንኪያው ላይ ቀስ ብሎ በጉብጉብ ይወርዳል። እንደ እንጀራ ሊጥ የሚፈስ ከሆነ ፖሙ ይዘቅጣልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ያክሉ።

ፎርማውን ከግማሽ ብዙ አያሳልፉት። የተረፈ ሊጥ ካለ በትንሽ ጣሳ ለብቻው ይጋገር። መሀለኛው መደርደሪያ ላይ አስገብተው 35 ደቂቃ እስኪሞላ በሩን አይክፈቱ፤ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ገና ያልረጋው መሀል ይወርዳል። በጠቅላላው ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል ያድርጉበት። መብሰሉን በስቴኪኒ ሲፈትሹ ሁለት ሦስት ቦታ ይውጉ፤ ፖሙን ከነካ ርጥብ ሆኖ ይወጣና ያሳስታል። ጠርዙ ከፎርማው ሲላቀቅ፣ መሀሉም በጣት ሲነኩት ተመልሶ ብድግ ሲል ደርሷል። ፎርማው ውስጥ 15 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ይገልብጡት። ሰፌዱ ከሥር አየር ስለሚያሳልፍ ታቹ አያልበውም።

መብራት መሀል ላይ ቢሄድስ? በሩን ዘግተው ይተዉት። 35 ደቂቃ ያለፈው ኬክ በኦቨኑ ግለት 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሊበስል ይችላል። ገና በአሥረኛው ወይም በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ከሄደ ግን መሀሉ መውረዱ አይቀርም፤ መብራቱ ሲመለስ ጋግረው ይጨርሱት፣ ጣዕሙ ደህና ነው።

ኦቨን ለሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል፤ ነገር ግን ድፎ ከላይም ከታችም እሳት እንደሚያገኘው አይደለም፣ ሙቀቱ ከታች ብቻ ነው። ፎርማውን በቀጥታ ካስቀመጡት ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ገርጥቶ ይቀራል። ሦስት እኩል የጣሳ ክዳኖች ምጣዱ ላይ እንደ ጉልቻ ያስቀምጡና ፎርማውን በላያቸው ያሳርፉ። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝቅ ያለ ፎርማ ይምረጡ፣ ከላይ ያለውን መጠን በሁለት ይክፈሉት። ክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ እንፋሎት የሚያመልጥ ከሆነ በርጥብ ጨርቅ ይዝጉት። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ላዩ እንደ ኦቨኑ አይቀላም፤ ቀረፋና ስኳር ሲነሰነስበት ያምራል።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ በዚህ ወቅት የጾሙን አሠራር ማወቅ ግድ ነው። እንቁላሉና እርጎው ይወጣሉ። ከፖሙ 150 ግራሙን በትንሽ ውሃ ቀቅለው ይፍጩት፤ ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። የተፈጨውን ከ200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከ110 ሚሊ ሊትር ዘይትና ከስኳሩ ጋር ያዋሕዱ። በዱቄቱ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይግባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በመጨረሻ፣ ልክ ኦቨኑ ሲዘጋጅ ይጨምሩ። አቼቶና ሶዳ እንደተገናኙ ጋዙ መውጣት ይጀምራልና፣ ሊጡ አሥር ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ኬኩ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። ይህኛው ከእንቁላሉ ኬክ ይበልጥ ይርሳል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ከተቆረጠ ይፈረፈራል።

የደጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ኬኩ ሙሉ በሙሉ እንደቀዘቀዘ ክዳን ባለው ዕቃ ይክደኑት፤ ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ ላዩ ያልበዋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሦስት ቀን ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ኮረሪማው በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ይጎላል፤ ለእንግዳ የሚጋግሩ ከሆነ በዋዜማው ይጋግሩት። በሦስተኛው ቀን ደረቅ ካለ በጣት ውፍረት ቆርጠው በደረቅ ምጣድ በትንሽ እሳት ሁለቱንም ገጽ አንድ አንድ ደቂቃ ያሙቁት።