የቆየ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሲሚንቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የወላጆቼ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ለዘለቄታው ይበጃል ብሎ የውጩን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ አብጦ ተላቀቀ። በመዶሻ ጫፍ ነካ ሳደርገው የመስኮት መዝጊያ የሚያህል ቁራጭ በአንድ ጊዜ ወረደ። ጀርባው ርሶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ቋሚም በጥፍር ይፈረፈራል።

ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለብስ ከመሬት የሳበው ውሃ መውጫ ያጣና ወደ እንጨቱ ይዞራል። እንጨቱና ጭቃው በክረምት አብጠው በበጋ ሲሰበሰቡ ግትሩ ሲሚንቶ አብሯቸው አይሄድም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ዝናብ ይገባል። በሽቦ ወንፊት ላይ መለሰን ልስኑን ያቆየው ይሆናል፣ እንጨቱን ግን አያድነውም። የዘይት ቀለም ጉዳቱ ከዚሁ ወገን ነው።

የውሃውን መነሻ ሳይፈልጉ ግድግዳ መድፈንም ገንዘብ መጣል ነው። እድፉ ከላይ ከጀመረ ቆርቆሮውንና አሸንዳውን ይፈትሹ። ከታች ከሆነ በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ያስነሱ፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚሄድበትን ቦይም ያስጠርጉ።

ያልቦካ ጭቃ መምረግ ዛሬ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ጠዋት ተረግጦ ከሰዓት የሚለጠፍ ጭቃ አይቻለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጠቀ። እኛ ቤት ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ሁለት ሦስት ሳምንት ይቦካል፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጣል። ሽታው ጎረቤት ያስቸግራል፣ ግን ሳይሸት የሚበስል ጭቃ የለም። ጭዱ ሲላቁጥ ጭቃው እንደ ሙጫ ይይዛል። አፈሩም ይለያያል። የዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል፤ ቀይ አፈር ይሻላል። ለማለስለሻው አፈሩን ነፍተው፣ ደቃቅ ጭድና ጥቂት እበት ይጨምሩበት። ደግሞ ሙሉውን ከመጀመርዎ በፊት መዳፍ የሚያህል ቦታ መርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከተሰነጠቀ ጭድ ያንሰዋል ማለት ነው።

በደረቅ ግድግዳ ላይ አዲስ ጭቃ አይለጥፉ። መጀመሪያ በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ተላቋልና ይርገፍ። አቧራውን ይጥረጉ፣ ውሃ ይርጩና ግድግዳው ጠቆር ሲል፣ ውሃው ግን ሳይንጠባጠብ ይምረጉ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ንብርብር ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መድፈን በራሱ ክብደት ያወርደዋል።

ጄሶ ቶሎ ስለሚደርቅ ያጓጓል። እርጥበት በሚያገኘው የግድግዳ ግርጌ ግን ይላላል፤ እዚያ አይጠቀሙበት።

የመጨረሻው ችኮላ ቀለሙ ላይ ነው። ምርጊቱ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ላይ መጀመር ይበጃል። ለጭቃ ግድግዳ ኖራ የሚስማማው ስለሚያስተነፍሰው ነው። ያልጠፋ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ስለሚፈላና ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆችን ያርቁ፣ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ፍላቱ አልቆ ከጠፋ በኋላ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው በውሃ ረጠብ ብሎ ይቀባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የመጀመሪያው ቅብ ምንም ያልሸፈነ ስለሚመስለው ኖራውን ያወፍራል፣ የወፈረው ደግሞ እየተቀረፈ ይወድቃል። ቀጭኑን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት። እርጥቡ ኖራ ግራጫ ይመስላል፤ የሚነጣው በማግስቱ ሲደርቅ ነው።