ቻርት ላይ የሚደረደሩ ዜሮዎችን እንዴት መደበቅ ይቻላል

የአንድ ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ በ13ቱ የኢትዮጵያ ወራት ተከፍሎ በዓምድ ቻርት ተሠርቷል እንበል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ዓምዶቹ ቆመዋል፤ ክፍያ የሌለባቸው ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ግን ዓምድ ሳይኖራቸው ከታች «0» ተለጥፎባቸዋል። ብዙ ሰው ዜሮውን መርጦ ያጠፋዋል። ለጊዜው ያምራል፤ በኋላ ሐምሌ ላይ 12,000 ብር ሲገባ ግን ዓምዱ ይቆምና ቁጥሩ አይመለስም። የጠፋው ዜሮው ሳይሆን የዚያ ወር ሌብል (ዓምዱ ላይ የሚጻፈው የዋጋ መግለጫ) ራሱ ነዋ።

የሚሻለው ሌብሉን ትቶ፣ ዋጋው ዜሮ ሲሆን ብቻ ምንም እንዳይጽፍ ማዘዝ ነው። በኤክሴል እንዲህ ይደረጋል፦

1. ከዓምዶቹ በላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ ሁሉም ይመረጣሉ። ደግመው ከጫኑ አንዱ ብቻ ተመርጦ ይቀርና ለውጡ ለእሱ ብቻ ይሆናል።
2. ኮንትሮልና 1ን አብረው ይጫኑ።
3. በሚከፈተው ሰሌዳ «ሌብል ኦፕሽንስ» ውስጥ እስከ ታች ወርደው «ነምበር»ን ይክፈቱና «ካስተም»ን ይምረጡ።
4. «ፎርማት ኮድ» የሚለው ሳጥን ውስጥ የሚከተለውን ጽፈው «አድ»ን ይጫኑ፦

#,##0;-#,##0;;

ኮዱ በ; ምልክት በአራት ይከፈላል፦ ለአዎንታዊ ቁጥር፣ ለአሉታዊ፣ ለዜሮ፣ ለጽሑፍ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ስለሆነ ዜሮ ምንም አይጽፍም። ብር እንዲጨመርበት ከፈለጉ፦

#,##0" ብር";-#,##0" ብር";;

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። «ብር» ብለው ኪቦርዱን ሳይመልሱ ከቀጠሉ በ; ፈንታ ፤ ሊገባ ይችላል። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ኤክሴል ግን ፤ን እንደ መለያ አያውቀውም።

ቻርቱ ሁለትና ሦስት ቀለም ዓምድ ካለው ሥራውን ለእያንዳንዱ ቀለም መድገም ያስፈልጋል። «ሊንክድ ቱ ሶርስ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ደግሞ ሌብሉ የሴሉን ፎርማት ስለሚከተል የጻፉት ኮድ አይሠራም፤ ምልክቱን ያንሱት።

ፓይ ቻርት ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠምማል። ድርሻው 0.3% የሆነ ክፍል ዜሮ ስላልሆነ በመጀመሪያው ቦታ ያልፋል፣ ተጠጋግቶም «0%» ተብሎ ይጻፋል። ለዚህ ገደብ ያስቀምጡ፦

[<0.005]"";0%

ከግማሽ ፐርሰንት በታች ያለው ሁሉ ይደበቃል። ሌብሉ የምድቡንም ስም የሚያሳይ ከሆነ ግን ኮዱ የሚደብቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ስሙ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ የሚያዋጣው ሠንጠረዡ ላይ ፊልተር ከፍቶ ከ0 ፊት ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። ኤክሴል የተደበቀ ረድፍን በራሱ ቻርት ላይ ስለማያወጣ ስሙም ከነማብራሪያው ይጠፋል። መረጃው በተቀየረ ቁጥር ግን ፊልተሩን ማደስ የግድ ነው።

ዜሮው ከፎርሙላ የመጣ ከሆነ «ኢፍ»ን ተጠቅሞ "" እንዲመልስ ማድረግ አይጠቅምም። ሴሉ ባዶ ይመስላል እንጂ ለቻርቱ ጽሑፍ ነው፤ ቻርቱም ጽሑፍን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። በመስመር ቻርት ላይ መስመሩ ወደ ታች እንዳይዘቅጥ ከፈለጉ በ"" ፈንታ «ኤንኤ» የሚባለውን ፈንክሽን ይጠቀሙ፤ ነጥቡ አይሳልም። ይህንን ግን ለቻርቱ ብቻ በተዘጋጀ ሌላ ዓምድ ይሥሩት፤ ድምር ከሚወጣበት ዓምድ ውስጥ ከገባ ድምሩ ራሱ ስህተት ይሆናል።

በሊብሬኦፊስ ካልክም ያው ኮድ ያገለግላል፤ የሌብሉን የቁጥር ፎርማት ከፍቶ «ሶርስ ፎርማት» ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። በጉግል ሺትስ ቀላሉ ኮዱን ለሠንጠረዡ ሴሎች መስጠት ነው፤ ሌብሉ የምንጩን ፎርማት ይከተላል። ጉዳቱ ዜሮዎቹ ከሠንጠረዡም መሰወራቸው ነው፤ ፋይሉን የሚረከበው ሰው «ገና አልተሞላም» ብሎ እንዳይጽፍበት አስቀድመው ይንገሩት።