በጣሊያን ቶስካና ያሉትን የኮረብታ ከተሞች ከልጆች ጋር በአንድ ቀን እንዴት እንጎብኝ?

ካርታ ላይ ሲታዩ ሁሉም ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ሳን ጂሚኛኖ፣ ቮልቴራ፣ ሞንቴሪጆኒ፣ ሲየና። «አራቱንም በአንድ ቀን እንጨርሳቸው» የሚል አባት አይጠፋም። አትስሙት። ልጅ ለያዘ ሰው ሁለት ከተማ ይበቃል፦ ጠዋት ሳን ጂሚኛኖ፣ ከሰዓት በኋላ ሞንቴሪጆኒ። ሲየና ለብቻዋ አንድ ቀን ትፈልጋለች። የቮልቴራ መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካላችሁ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። መነሻችን ፍሎረንስ ናት።

1. መጓጓዣውን በዋዜማው ጨርሱ

በመኪና ከሆነ ወደ ሲየና የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ያዙና «ፖጂቦንሲ ኖርድ» በሚለው መውጫ ውጡ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መኪና ከሌለ እስከ ፖጂቦንሲ በባቡር፣ ከዚያ በ130 ቁጥር አውቶቡስ። እሑድና በዓል ቀን አውቶቡሱ ስለሚቀንስ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ እንዳትነሱ። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ሳን ጂሚኛኖ ብቻዋን ትበቃችኋለች። ሁለቱን ለማዳረስ ከልጆች ጋር ፌርማታ ለፌርማታ መንከራተት ልፋት ነው።

2. መኪናውን ከቅጥሩ ውጭ አቁሙ

በሩ አጠገብ ነጭ መሃል ያለው ቀይ ክብ ምልክት ካያችሁ ናቪጌሽኑ «ቀጥል» ቢላችሁም እንዳትገቡ። የነዋሪዎች ክልል ነው፣ ካሜራ አለው። የሚያስቆማችሁ ፖሊስ የለም። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ መኪናው የኪራይ ከሆነም አከራዩ የራሱን ይጨምርበታል። ሰማያዊ መስመር በክፍያ፣ ነጭ በነፃ፣ ቢጫው የእናንተ አይደለም።

3. ቀድማችሁ ግቡ

በእኛ 3 ሰዓት፣ በእነሱ 9 ላይ ሳን ጂሚኛኖ ሁኑ። ረፋድ ላይ የቱሪስት አውቶቡሶች ይመጣሉ፤ ያኔ ዋናው መንገድ መላወሻ የለውም። የልጅ ጋሪ ትታችሁ ኑ። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍና ዳገት ነው፣ አንቀልባ ይሻላል።

4. ልጆቹን ግንብ አስቆጥሯቸው

ፖርታ ሳን ጆቫኒ በሚባለው በር ገብታችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ ፒያሳ ዴላ ቺስቴርና የሚባለው አደባባይ ትደርሳላችሁ። መሃሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1273 የተሠራ የውሃ ጉድጓድ አለ። ልጆቹ የጉድጓዱን ከንፈር በጣታቸው ይዳብሱት። ውሃ ቀጂው ሁሉ ገመድ ሲጎትትበት ኖሮ ድንጋዩ ተሰርስሯል።

ከዚያ ቀና ማለት ነው። ዛሬ የቆሙት ግንቦች 14 ናቸው፤ በደጉ ጊዜ 72 ነበሩ ይባላል። ነገሩ ፉክክር ነው። ከተማዋ ወደ ሮም የሚጓዙ ተሳላሚዎች በሚያልፉበት በፍራንቺጄና መንገድ ላይ ነበረች፤ ሳፍሮን በሚባለው ውድ ቅመም ንግድም ከብራለች። ሀብታም ቤተሰቦች፣ በተለይ አርዲንጌሊና ሳልቩቺ የሚባሉት፣ እልህ ተጋብተው አንዱ ከአንዱ አስረዝሞ ሠራ። የከተማዋ ሹማምንት ከእኛ ግንብ የሚበልጥ ማንም እንዳይሠራ ብለው እስከመደንገግ ደረሱ። በ1348 ወረርሽኝ ገባና ሕዝቡን ፈጀው። በ1353 ከተማዋ ለፍሎረንስ ገበረች። ከዚያ ወዲያ አፍርሶ በአዲስ መልክ የሚገነባ ገንዘብ አልነበረም። ግንቦቹን ያተረፋቸው ድህነቱ ነው።

«ግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?» የሚል ልጅ መቼም አይጠፋም። የግንበኞች መቆሚያና የእንጨት ሰገነት የተሸከሙ ወራጆች ይሰኩባቸው ነበር።

መውጣት ለሚፈልግ ቶሬ ግሮሳ የሚባለው ግንብ አለ። 54 ሜትር ነው፣ በ1311 ያለቀ። ደረጃው ከ200 በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ መሰላሉ ቀጥ ይላል። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ሕፃኑን ይዞ ታች ይቅርና ጄላቶ ይግዛ።

5. ምሳ በሰዓቱ ብሉ

ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙ ወጥ ቤት ይዘጋል፤ የራበው ልጅ ደግሞ ይህን አይሰማም። ሂሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ብታዩ አትጣሉ፣ ለመቀመጫው በሰው የሚከፈል ነው። ዳቦውም ጨው የለውም፣ የአገሩ ወግ ነው።

ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና ከጾማችሁ አትስጉ፤ ቶስካና ለጾመኛ ደግ አገር ናት። ፒቺ የሚባለው በእጅ የሚድቦለቦል ወፍራም ፓስታ በተለምዶ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቤት እንቁላል ስለሚጨምር ጠይቁ። ስጎው የቲማቲምና የነጭ ሽንኩርት ይሁን፣ አልዮኔ በሉት። ሪቦሊታ ደግሞ ቦሎቄ፣ ጎመንና የደረቀ ዳቦ ያለበት ሾርባ ነው። «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ማለት ብቻ እንዳትረሱ፤ አይብ ነስንሰው ሊያቀርቡ ይችላሉ።

6. ከሰዓት በኋላ ሞንቴሪጆኒ

ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሲየናዎች የፍሎረንስን ጥቃት ለመከላከል ከ1213 እስከ 1219 የገነቡት ምሽግ ነው። ዙሪያው 570 ሜትር ገደማ፣ ግንቦቹ 14፣ በሮቹ ሁለት። አንድ አደባባይ፣ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ አለቀ። ለልጅ የሚመቸውም ለዚሁ ነው፤ የሚጠፋበት ቦታ የለም። ትኬት ቆርጣችሁ በቅጥሩ አናት ላይ መሄድ ትችላላችሁ። እዚያ ላይ ሆናችሁ ንገሯቸው፦ ይህን ሁሉ ድንጋይ ጠላት ሰብሮ አልገባም። በ1554 የራሱ አዛዥ አስረከበው።

ስትመለሱ እሑድ ማታ ወደ ፍሎረንስ የሚገባው መንገድ ሊጨናነቅ ይችላል። ልጆቹ ሽንት ቤት ሳይሄዱ አትነሱ።